ዑመሪ «መድረሳ የላቸውም» ካለ፣ ዘይላዒዮቹ ዕውቀቱን ከየት አመጡት?

የኮምቦልቻ ልጅ (ክሩን የከፈተ)

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላም ለሁላችሁም። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

አል-ዑመሪ የሚባል ጸሐፊ አለ። በካይሮ ግብፅን ይገዙ በነበሩት በመምሉክ ሱልጣኖች ጽሕፈት ቤት ያገለገለ ሰው ነው። የሞተው በ1349 ነው። በሐበሻ ምድር ስለነበሩ ሰባት የሙስሊም መንግሥታት ጽፏል። ይፋት፣ ደዋሮ፣ አራባብኒ፣ ሐዲያ፣ ሸርኻ፣ ባሌና ዳራ። መስጊድ አላቸው፣ ጁምዓ ይሰግዳሉ፣ ዲናቸውን ይጠብቃሉ ይላል። ቀጥሎ ግን በአገሩ ሁሉ መድረሳም፣ ኻንቃም፣ ሪባጥም፣ ዛዊያም (የሱፊዮች ማደሪያና መሰብሰቢያ ቤቶች) የለም ይላል።

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ አነበብኩለት። «በቃ፣ ያኔ ትምህርት አልነበረንም ማለት ነው» አለኝ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

ለምን? በዚያው ዘመን፣ ዑመሪ በሚኖርባት በዚያችው ካይሮ፣ ሁለት ትልልቅ ዘይላዒዮች (በዘይላ ወደብ ስም የሚጠሩ የእኛ አካባቢ ዓሊሞች) ነበሩ። ፈኽሩዲን ዑስማን አዝ-ዘይላዒ ካይሮ የገቡት በ1305 ገደማ ነው። እንደገቡ ማስተማርና ፈትዋ (የሃይማኖት ሕግ ብያኔ) መስጠት ጀመሩ። በሐነፊ መዝሀብ (ከአራቱ የእስልምና ሕግ ወገኖች አንዱ) የጻፉት ትልቅ ኪታብ ዛሬም ይቀራል (ይነበባል)። ደረሳቸው (ተማሪያቸው) ጀማሉዲን ዐብደላህ አዝ-ዘይላዒ ደግሞ በ1360 ነው የሞቱት። እሳቸው «ሂዳያ» በሚባለው የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ኪታብ ውስጥ ያሉትን ሐዲሶች አንድ በአንድ ምንጫቸውን አሳደው የመረመሩ ሰው ናቸው። የሐዲስ ተማሪ «ነስብ አር-ራያ» ሲባል የእሳቸው ሥራ እንደሆነ ያውቃል።

ፈኽሩዲን ካይሮ ሲደርሱ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። አገራቸው የሚቀራበት ቦታ ከሌለ ታዲያ ከየት አመጡት?

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ዑመሪ አልዋሸም። እኛ ነን «መድረሳ» የሚለውን ቃል ዛሬ በምናውቀው የሰማነው። እስቲ የምታውቁትን አካፍሉኝ።

ሐረርጌ

ወዐለይኩም ሰላም ወንድሜ። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ዑመሪ ሐበሻን በዓይኑ አይቶ ያውቃል? ካይሮ ተቀምጦ የሰማውን የጻፈ ከሆነ ይህን ያህል ለምን እናምነዋለን? በይፋት ዳገቶች ላይ የመስጊዶች ፍርስራሽ ተገኝቷል። ኖራ፣ አስባሪ፣ ማሳል። ድንጋዩ በሥርዓት የተጠረበ፣ ሚሕራቡ (የመስገጃውን አቅጣጫ የሚያሳየው) የሚታይ። ይህን የሠራ ሕዝብ አልተማረም ሊሉኝ ነው?

የኮምቦልቻ ልጅ

ሐረርጌ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው። ዑመሪ አልመጣም። ግን ከማን እንደሰማ ራሱ ይነግረናል። ከነገሩት ሰዎች አንዱ ሸኽ ዐብደላህ አዝ-ዘይላዒ የሚባሉ ፈቂህ (የፊቅህ ሊቅ) ናቸው። በዚያ ጊዜ ካይሮ ውስጥ ነበሩ። የግብፁ ፓትርያርክ ለሐበሻው ንጉሥ ደብዳቤ ጽፎ በሙስሊሞች ላይ የሚደርሰውን በደል እንዲያስቆም እየተማጸኑ ነበር።

አየህ? ስለ አገሩ ወሬ የነገረው ሰው ራሱ የተማረ ነው። ፈቂህ ነው። ካይሮንም ዘይላንም ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው ያለበት አገር ትምህርት የለም ሊባል አይችልም። የሌለው ካይሮ ያየው ዓይነት ሕንፃ ነው።

ኪታብ ወዳጅ

ይህ ክር ደስ ብሎኛል። ስለ ሕንፃው ነገር ልጨምር፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሡኝ።

በመጀመሪያዎቹ ክፍለ ዘመናት ትምህርት መስጊድ ውስጥ ነበር። ሸኹ ምሰሶ ተደግፈው ይቀመጣሉ። ደረሳው ዙሪያቸውን ይከባል። ሐልቃ የሚባለው ይህ ነው። መዝጋቢ የለም፣ ክፍያ የለም፣ የመግቢያ ፈተና የለም። ከሩቅ የመጣ ሰው ማደሪያ ሲያስፈልገው አጠገቡ ባለ ኻን (የመንገደኛ ማረፊያ) ያድራል።

መድረሳ ከዚህ የሚለየው በወቅፉ ነው። አንድ ባለሥልጣን ወይም ባለሀብት መሬት፣ ሱቅ፣ ወፍጮ፣ መታጠቢያ ቤት ለአላህ ብሎ ይለቃል። ገቢው ለመምህሩ ደመወዝ፣ ለደረሳው ቀለብ፣ ለመብራት ዘይት፣ ለጠራጊው ሳይቀር ይከፈላል። ደረሳው እዚያው ክፍል ተሰጥቶት ያድራል። በዋናነት የሚቀራው ፊቅህ ነው።

ከሁሉ የታወቀው የባግዳዱ ኒዛሚያ ነው። የሰልጁቆች (ያኔ ይገዙ የነበሩ ቱርኮች) ወዚር ኒዛም አል-ሙልክ አሠራው፣ በ1067 ተከፈተ። የመክፈቻው ቀን የሆነውን ሁሌም አስታውሰዋለሁ። መምህር ተብለው የተሾሙት ሸኽ አቡ ኢስሐቅ አሽ-ሺራዚ ነበሩ። ሰው ተሰበሰበ፣ ተጠበቁ፣ አልመጡም። ቦታው ከባለቤቶቹ በግፍ የተወሰደ ነው የሚል ወሬ ሰምተው ነበር። ሌላ ሸኽ ተተክተው ለ20 ቀን ያህል አስተማሩ። በኋላ ኒዛም አል-ሙልክ ግድ ሲላቸውና የራሳቸው ደረሶችም ትተናቸው እንሄዳለን ሲሉ ተቀበሉ። ሶላታቸውን ግን እዚያ አይሰግዱም ነበር፣ ሌላ መስጊድ ይሄዱ ነበር ይባላል። እኔ ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። በዘመኑ ካሉት ሹመቶች ትልቁ ነው፤ እሳቸው ግን የሰው መሬት ላይ እንዳልቆም ብለው ሰጉ።

ታላቁ ዓሊም ገዛሊም እዚያ አስተምረዋል። በ1091 ተሾሙ፣ በ1095 ሁሉን ትተው ወጡ።

በ1184 ኢብን ጁበይር የሚባል የአንደሉስ መንገደኛ ባግዳድ ደረሰ። 30 ገደማ መድረሳ እንዳለ ጻፈ። ከዚያ በ1234 ሙስተንሲሪያ ተከፈተ። ይህኛው አራቱንም መዝሀብ በአንድ ጊቢ ያስተናገደ ነው። ለእያንዳንዱ መዝሀብ 62 ደረሳ፣ በድምሩ 248። ምግባቸውም የወር ገንዘባቸውም ከወቅፉ ነበር። ሕንፃው ዛሬም በጤግሮስ ዳር ቆሟል።

ዑመሪ «መድረሳ» ሲል በልቡ ያለው ይህ ነው።

የመሪጌታ ልጅ

እኔ ክርስቲያን ነኝ። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ይህን ሳነብ የራሴን ቤት ያየሁ መሰለኝ፣ ስለዚህ ልጻፍ።

በአብነት ትምህርት «የት ተማርክ?» ተብሎ ብቻ አይጠየቅም። «ከማን ተማርክ?» ነው ዋናው። ሰው ድጓን ከአንድ የኔታ፣ ቅኔን ከሌላ፣ ትርጓሜን ከሦስተኛ ይማራል። አገር ለአገር ይዞራል። አኩፋዳውን ይዞ ለምኖ ይበላል። የኔታ ከሞቱ ወይም ቦታ ከለወጡ ትምህርት ቤቱም አብሯቸው ይሄዳል። ሕንፃ የለም፣ ሰው ነው ያለው።

በእናንተም እንዲህ ነበር እንዴ?

የሐይቅ ልጅ

ወንድሜ የመሪጌታ ልጅ፣ ልክ እንደሱ ነው። የወሎ ደረሳ ፊቅህን አንድ ሸኽ ዘንድ ይቀራል። ነህው (የዐረብኛ ሰዋስው) ሲፈልግ ሌላ ሸኽ ፍለጋ ይነሳል። ቀለቡን የአካባቢው ሰው ነው የሚሰጠው። አያቴ «እገሌ ዘንድ ቀራሁ» ይሉ ነበር እንጂ የቦታ ስም ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም።

ኪታብ ወዳጅ

ኢጃዛ የሚባለውም ይኸው ነው። ብዙ ሰው እንደ ዲፕሎማ ያስበዋል። ዲፕሎማ የሚሰጠው ተቋም ነው። ኢጃዛ የሚሰጠው ሰው ነው። «ይህን ኪታብ እኔ ዘንድ ቀርቷል፣ ከእኔ ተቀብሎ ማስተላለፍ ይችላል» ይላል። ሸኹም በተራው ከማን እንደተቀበሉ ይጻፋል። እንዲህ እያለ እስከ ኪታቡ ባለቤት ይደርሳል። ኒዛሚያ የኢጃዛ ማኅተም አልነበረውም። ማንም «የኒዛሚያ ምሩቅ» ተብሎ አልተጻፈለትም። የአስተማሪው ስም ነው የሚጻፈው።

ስለ ገዛሊ የሚተረክ ነገር አለ። በወጣትነታቸው ከጁርጃን ወደ ጡስ ሲመለሱ ሽፍቶች ዘረፏቸው። ገዛሊ አለቃቸውን ተከትለው የትምህርት ማስታወሻዬን ብቻ መልሱልኝ፣ ለእናንተ አይጠቅማችሁም ብለው ለመኑ። አለቃው ሳቀባቸው። ወረቀቱ ሲወሰድብህ ዕውቀትህ የሚጠፋ ከሆነ ምኑን አወቅኸው አላቸው። መለሰላቸው። እሳቸው ግን ቤታቸው ገብተው ሦስት ዓመት ሙሉ ያን ማስታወሻ በቃላቸው ያዙት።

ታሪክ ፈላጊ

ሰላም። ግን በዓለም የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ የሞሮኮዋ ከተማ የፋሱ ቀረዊዪን ነው አይደል? በ859 ፋጢማ አል-ፊህሪ የምትባል ሴት ነች ያቋቋመችው። እንዲያውም ዲግሪ ይሰጥ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ይህን ለምን አናነሳም?

ኪታብ ወዳጅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን እወደዋለሁ፣ ግን እንጠንቀቅ። የፋጢማን ታሪክ የምናገኘው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፈ የፋስ ታሪክ ነው። ከእሷ ዘመን ወደ 500 ዓመት ይርቃል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው መስጊድ ነው። በጊዜ ብዛት ትልቅ የሐልቃ ቦታ ሆነ። ደረሳው የሚያድርባቸው መድረሳዎች በዙሪያው የተሠሩት ሞሮኮን በገዙት በመሪኒዶች ዘመን ነው። ዐጣሪን በ1325፣ ቡ ዒናኒያ በ1350ዎቹ። እኔ «ዩኒቨርሲቲ» የሚለውን ስም ካልለጠፍንበት ክብር የለውም ብዬ አላምንም። ሐልቃ የራሱ ክብር አለው።

መምህርት ከደሴ

ሴቶቹን ያነሳ የለም፣ ስለዚህ እኔ ላንሳ።

ከሪማ አል-መርወዚያ መካ ውስጥ ትኖር ነበር። የሞተችው በ1070 ገደማ ነው። የቡኻሪን ሰሒሕ (የሐዲስ ስብስብ) ከሷ ለመቀበል ትልልቅ ዓሊሞች እግሯ ሥር ተቀምጠዋል። የባግዳዱ ኸጢብ የሚባለው ዓሊም ለሐጅ ሄዶ ያን ሁሉ ኪታብ በአምስት ቀን እሷ ዘንድ ቀርቶ ጨርሷል። ዘይነብ ቢንት አል-ከማል ደግሞ ደማስቆ ውስጥ በ1339 አረፈች። ከ90 ዓመት በላይ ኖራለች። የነበሯት ኢጃዛዎች የአንድ ግመል ጭነት ይሆናሉ ተብሏል። ዓኢሻ ቢንት ዐብዱል-ሃዲ፣ በ1413 የሞተችው፣ የታላቁ የሐዲስ ሊቅ የኢብን ሐጀር አስተማሪ ነበረች።

አንድ ነገር ግን መደበቅ አልፈልግም። እነዚህ ሴቶች ያስተማሩት በቤታቸው፣ በመስጊድ፣ በአትክልት ቦታ ነው። ደመወዝ ያለው የመድረሳ የፊቅህ ወንበር ለወንድ ነበር። ሐልቃው የከፈተውን በር ወቅፉ አጠበበው። ሕንፃ ሲመጣ የሚጎዳ ሰው እንዳለ አስቡልኝ።

በደማስቆ በነበሩ ኪታቦች መጨረሻ ላይ የንባቡ ተካፋዮች ስም ይጻፍ ነበር። ማን አነበበ፣ ማን ሰማ፣ የትኛው ቀን፣ የት። ሴቶች አሉ፣ ባሪያዎች አሉ፣ ልጆች ከነዕድሜያቸው አሉ። አንዱ ክፍል ያመለጠው ሰው ካለ ያመለጠው ይጻፍበታል። የአራት ዓመት ሕፃን ስሙ ተጽፎ ሳይ የእናቱ ጭን ላይ የተቀመጠ ይመስለኛል።

ሐረርጌ

መምህርት፣ አላህ ይጠብቅሽ። ይህን አላውቅም ነበር። ለልጄ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ።

ካይሮ የነበርኩ

እኔ ካይሮ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። አል-አዝሐር መስጊድ ገብቼ ምሰሶዎቹ መካከል ስቀመጥ የአገሬ ሰዎች እዚህ ተቀምጠው ነበር እላለሁ። ክሩን የከፈትክ ወንድሜ ለጥያቄህ ግማሹን መልስ እዚያ ታገኛለህ።

የግብፁ ታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪዚ በዘመኑ በአዝሐር ውስጥ የሚኖሩ ድሆች ደረሶች 750 እንደደረሱ ጽፏል። አጀሞች (ፋርሶች)፣ ዘይላዒዮች፣ የግብፅ ገጠር ሰዎች፣ መጋሪባዎች (የመግሪብ ሰዎች)። እያንዳንዱ ወገን የራሱ ሪዋቅ (የመኖሪያ ክፍል) ነበረው። ዘይላዒ ማለት ያኔ ከእኛ አካባቢ የሄደ ሙስሊም ሁሉ የሚጠራበት ስም ነው። መርከብ የሚነሳው ከዘይላ ወደብ ስለሆነ። ጀበርቲ የሚለውም ስም እንዲሁ።

በ1415 ሱዱብ የሚባል አሚር የመስጊዱ ኃላፊ ሆነ። ሰው መስጊድ ውስጥ ማደር የለበትም አለ። ሁሉንም አስወጣቸው። ሳጥኖቻቸውን፣ መደርደሪያዎቻቸውን፣ የቁርአን ማስቀመጫዎቻቸውን ሳይቀር ወደ ውጭ አወጣ። መቅሪዚ ይህን የጻፈው በሐዘን ነው። እኔም አንዴ የተከራየሁትን ክፍል በአንድ ሌሊት ልቀቅ ተብዬ ሻንጣዬን ይዤ መንገድ ላይ ቆሜ አውቃለሁ። ያን ቀን የማስበው እነዚያን ዘይላዒዮች ነበር። ስንት ወር በባሕርና በበረሃ ተጉዘው መጡ፣ ያላቸው አንድ ሳጥን ነው፣ እሱም ደጅ ላይ ተጣለ።

ግን ጠፍተው አልቀሩም። የታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ፣ በ1753 ተወልዶ ናፖሊዮን ግብፅ ሲገባ በዓይኑ ያየው፣ ከቅድመ አያቶቹ አንዱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም ከሐበሻ ምድር ሄዶ የጀበርቲዎች ሪዋቅ ሸኽ የሆነ ሰው ነው። ሹመቱ ከአባት ወደ ልጅ እየወረደ መጣ።

የኮምቦልቻ ልጅ

ይህን ያህል አልጠበቅኩም። ጀዛኩሙላህ ኸይር።

ካይሮ የነበርክ ወንድሜ ስለ ወዳጅነታቸውም ልጨምርልህ። ጀማሉዲን ዘይላዒና ሐፊዝ ዘይኑዲን አል-ዒራቂ አብረው ነበር የሚያጠኑት። ዒራቂ የገዛሊን «ኢሕያ» ሐዲሶች ይመረምሩ ነበር፣ ዘይላዒ ደግሞ የ«ሂዳያ»ን። አንዱ ለራሱ ሲያነብ ለሌላው የሚሆን ሐዲስ ካገኘ ይይዝለታል። ሁለቱም እንዲሁ። አንዱ ሻፊዒ፣ አንዱ ሐነፊ። ይህን የነገረን ኢብን ሐጀር ነው፣ ከመምህሩ ከዒራቂ ሰምቶ።

ካይሮ ውስጥ ያን ሁሉ መድረሳ ማን ይሠራ ነበር ለሚል ደግሞ የታሪክ ሊቁ ኢብን ኸልዱን ጥሩ አድርጎ ጽፏል። የመምሉክ አሚሮች ሱልጣኑ ሀብታችንን ይወርስብናል ብለው ይፈሩ ነበር። ወቅፍ ግን አይወረስም። ስለዚህ መድረሳ ይሠራሉ፣ ልጆቻቸውን የወቅፉ ተቆጣጣሪ ያደርጋሉ። አጅሩም (የአላህ ምንዳ) አለ፣ ልጁም የሚበላው ያገኛል። በዚህ ምክንያት ከዒራቅም ከመግሪብም ደረሳ ወደ ካይሮ ጎረፈ ይላል። በይፋት እንዲህ ያለ የከተማ ኪራይ፣ እንዲህ ያለ ባለሱቅ ከየት ይመጣል? ሸኹና ደረሳው ግን ነበሩ።

ጤና ባለሙያ

አጭር ጥያቄ። ሕክምናና ሒሳብስ?

ኪታብ ወዳጅ

ባብዛኛው ከመድረሳ ውጭ ነው። ሕክምና በሆስፒታል ነበር የሚቀራው። ደማስቆ በ1154 የተከፈተው የኑሪ ሆስፒታል አንዱ ነው። የደምን ከልብ ወደ ሳንባ መዞር የጻፈው ኢብን አን-ነፊስ እዚያ ነው የተማረው። የሚገርመው ካይሮ ውስጥ በመድረሳ የሻፊዒ ፊቅህ ያስተምር ነበር። በ1288 ሲሞት ቤቱንና ኪታቦቹን ለመንሱሪ ሆስፒታል ነው የተወው።

የሐይቅ ልጅ

ስለ ትንንሾቹ ልጆች ሳልናገር አላልፍም። እኔ ቁርአን የቀራሁት በሉህ (በእንጨት ሰሌዳ) ነው። ከጥቀርሻ የተሠራ ቀለም፣ የሸምበቆ ብዕር። ሐሙስ ከሰዓትና ጁምዓ እረፍት። የሚያቀራን ሰው በጣም ይገርፈን ነበር። ጀርባዬ ላይ የቀረ ነገር አለ። ለብዙ ዓመት ዲኑ እንዲህ ያዛል ብዬ አምን ነበር።

ካደግኩ በኋላ ነው የኢብን ሰሕኑንን ያነበብኩት። የቱኒዚያዋ ቀይረዋን ሰው ነው፣ በ870 የሞተ። ስለ ልጆች አስተማሪ ሥነ ሥርዓት ለብቻው ኪታብ ጽፏል። ያለ አባት ፈቃድ ከሦስት ምት በላይ አይፈቀድም ይላል። ኢብን ኸልዱንም በ1377 ግርፋት ልጅን ውሸታም፣ ፈሪና ሰነፍ ያደርጋል ብሎ ጻፈ። ይህን ሳነብ ሌሊቱን ተቀምጬ አነጋሁ። ከእኔ በፊት 1,100 ዓመት ቀድሞ የእኔን ጀርባ ያሰበ ሰው ነበር።

እዚያው ኪታብ ውስጥ ሌላም አለ። ልጆቹ ሉሃቸውን የሚያጥቡበት ንጹሕ ውሃ በየተራ ያመጣሉ። ካጠቡ በኋላ መሬት ቆፍረው ውሃውን እዚያ ያፈሱታል፣ የቁርአን ቃል ያለበት ውሃ እንዳይረገጥ። እኛም እንዲሁ ነበር የምናደርገው፤ ሰው የማይረግጠው ቦታ ወስደን ነበር የምናፈሰው። ማንም ከየት እንደመጣ አልነገረንም።

የኮምቦልቻ ልጅ

የሐይቅ ልጅ፣ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አላህ ልብህን ይጠግን። ቅድም ስለ አያትህ ያነሳኸው አልወጣ አለኝ። ኪታቦቻቸው አሉ?

የሐይቅ ልጅ

እናቴ ዘንድ በቆዳ ከረጢት ውስጥ አሉ። አንዱ መጨረሻው ላይ የስም ዝርዝር አለው። «ከሸኽ እገሌ፣ እሳቸው ከሸኽ እገሌ» እያለ ይወርዳል። ልጅ ሆኜ የዘመድ ስም ይመስለኝ ነበር።

የኮምቦልቻ ልጅ

እሱ ነው! ሰነዱ (የመምህራኑ ሰንሰለት) እሱ ነው። እባክህ ፎቶ አንሳው። ከሰዓት በፊት፣ ጥላ ውስጥ፣ በቀን ብርሃን። የስልኩን ፍላሽ አትጠቀም። ገጹን አታጥፈው፣ የተጣበቀ ካለ አትላቀቀው። ስሞቹን እዚህ እንዳትለጥፍ፣ የቤተሰብ ነገር ነው፤ በውስጥ መስመር ላክልኝና አብረን እናንብበው።

የሐይቅ ልጅ

ቅዳሜ እሄዳለሁ ኢንሻአላህ። እናቴን ደውዬ ነገርኳት። «ከረጢቱን ሳትፈታው ውዱእ አድርግ» አለችኝ።